አቧራን እምቢ ያለ ነጭ ልብስ

እጄን ከውኃ ካወጣሁ ሰነባብቻለሁ። ጡረታ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ጡረታዬን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ልነሳ ስል ጉልበቴ አልነሳም አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማ አለ። "በይ ዘነበች፣ ከላስ" አልኩና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ቁልፉን ለተተኪዬ ሰጠሁ። "ከላስ" ጁባ ላይ "በቃ፣ አለቀ" ማለት ነው። ሥራም ሲያልቅ፣ ዳቦም ሲያልቅ፣ ትዕግሥትም ሲያልቅ የሚባለው እሱው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ጉልበቴ አይደለም፤ ጃኬት ነው። በቀደም የእህቴ ልጅ አዲስ ጃኬት ገዝታ መጣችና ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ደፋችበት። ውኃው እንደ ብይ ተድቦልቡሎ ወለሉ ላይ ወረደ። "አየሽ አክስቴ? ይሄ ናኖ ይባላል። አንቺ በዘመንሽ እንዲህ ያለ ነገር አላየሽም" አለችኝ። እኔ! በሳቅ ፈረስኩ። ልጅቷ ደነገጠች። "ቁጭ በይ" አልኳት፣ "ቁጭ በይና ልንገርሽ።" ነግሬያት ስጨርስ "ለምን አትጽፊውም?" አለችኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን የለቀምኩት እንግዶች ጫማ ጠቅልለውባቸው ከሚመጡ ጋዜጦች ላይ ነው። ወሬ ግን ማንም አላስተማረኝም። መጻፍም ያው በእጅ ማውራት ነው ብዬ ጀመርኩ።

ልብስ ማጠብ የጀመርኩት አዲስ አበባ በሰው ቤት ነው። ከዚያ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ገባሁ። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል "ቶሎ" ብቻ ነበር፤ ከእሳቸው የተማርኩት ቶሎ ማለትን ነው። 1998 ዓ.ም. ክረምት ላይ ደግሞ "ጁባ ሰላም ሆኗል፣ ሆቴል እንደ አሸን እየፈላ ነው፣ ሙያ ያለው ሰው ይፈልጋሉ" ተባለና ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ከወንዙ ዳር የተተከለ የድንኳን ሆቴል ነበር። እንግዳው በድንኳን፣ ወጥ ቤቱ በድንኳን፣ ላውንደሪውም በድንኳን። ውኃው ከወንዙ በቦቴ ይመጣል፤ ነጭ አንሶላ ስንነክርበት ሻይ የተደፋበት መስሎ ይወጣል። ወንዙ ነጭ ዓባይ እንደሚባል ሲነግሩኝ "ነጩ የቱ ጋ ነው?" ብዬ ቦቴ ነጂውን አስቄዋለሁ። በርሜል ሞልተን፣ አድሮ እስኪጠል ጠብቀን፣ ከላይ ከላዩ እየቀዳን ነበር የምናጥበው። ደመወዝ አንዳንዴ በሰዓቱ፣ አንዳንዴ በይቅርታ ይከፈላል። በአንድ የዝናብ ወቅት ወንዙ ድንኳኖቹን ሊጎበኝ መጣ፤ ሆቴሉም ተዘጋ።

ያኔ ነው አቶ ጥላሁን የወሰዱኝ። አቶ ጥላሁን ቶንፒንግ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሆቴል የነበራቸው ሰው ናቸው። አዲስ ነገር ሲያዩ ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን የሚበራ፣ ሲናደዱ የሚጮኹ፣ ጮኸው ሲጨርሱ ደግሞ "ምን ነበር የምለው?" ብለው የሚጠይቁ ደግ ሰው። የላውንደሪያቸው ኃላፊ ማማ ኛኮር ነበረች። የሙያዬ እናት እሷ ናት፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት።

ማማ ኛኮር የኑዌር ሴት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ገና ወጣት እናት ሳለች ልጆቿን ይዛ በእግሯ ኢትዮጵያ ገባች። ኢታንግ ካምፕ ኖረች፣ ከዚያ ጋምቤላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ስታጥብና ስትተኩስ ልጆቿን አሳድጋ፣ ሰላም ሲሆን አገሯ ተመለሰች። አማርኛዋ የእኛው ነው፤ ስትናደድ ብቻ ወደ ኑዌርኛ ትሻገራለች። ቁመቷ አይጣል ነው። የማስጫውን ገመድ በራሷ ልክ ስላሰረችው እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ነበር የማሰጣው። የመጀመሪያው ቀን "እንደምን አደሩ ማማ፣ ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?" አልኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገች።

"ስንት ሆኜ ታየሁሽ? እኔ አንድ ነኝ። አንቺ በይኝ።"

ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት። እሷማ ባለቤቱን ራሳቸውን ከግቢው ማዶ "አንተ ጥላሁን! ሳሙና አልቋል!" ብላ ነበር የምትጠራው። "መጣሁ ማማ!" ብለው ይሮጣሉ።

ሌላው ሰው ልብስ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ እሷ የምትለየው በእድፉ አገር ነበር። ሦስት ቦታ ትከምረዋለች፦ የመንገድ፣ የገበታ፣ የሰው። የመንገዱ ያው ቀዩ አፈር ነው። "እሱን ውኃ አታስቀድሚበት፤ ውኃ ካየ ቀለም ይሆናል" ትልና ደረቁን ታራግፈዋለች፣ በብሩሽ ትገርፈዋለች፤ ውኃ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። የገበታው ወጥና ማንጎ ነው። የማንጎ ጭማቂ ሌባ ነው፤ ሲነካ አይታይም፣ ሰንብቶ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሳይታይ በጣት እየዳሰሱ መፈለግ ነው። የሰው የምትለው ላብና ደሙን ነው። እሱ ሙቅ ውኃ አይወድም፤ በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ይባበላል።

ሳትነክር በፊት እያንዳንዱን ልብስ ታሸታለች። "ይሄ ሰውዬ ዓሣ በልቷል።" "ይሄኛው ሚስቱ መጥታለች።" ታጥቦ አለቀ ስንል ደግሞ የእርጥቡን ልብስ ጫፍ ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ሳሙና ከቀረበት ከንፈሯ ይኮማተራል፤ "አልጠገበም፣ አንድ ውኃ ጨምሪለት" ትለኛለች። ጁባ ላይ ደግሞ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። እንቁላሉ ሰውነት ሲነካ ትል ይሆንና ቆዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካልሲ አይቀር፣ የውስጥ ሱሪ አይቀር፣ ስፌቱ ሳይቀር ይተኮሳል። ማማ ኛኮር ለመተኮስ ልብሱን የምታረጥበው በአፏ ነበር፤ ውኃ ትጎነጭና ፍፍፍ ስትለው እንደ ጉም ይወርዳል። እኔ ስሞክረው እንደ ተናደደ ግመል ተፋሁበት። "ማሌሽ፣ ማሌሽ" አለችኝ እየሳቀች፤ "አይዞሽ" ማለቷ ነው። "ለሱሪ ይሆናል፣ ሸሚዝ እንዳትነኪ።"

እንዲህ ስንኖር ነው አንድ ቀን የማይሸት ካልሲ የመጣው።

ካልሲው የሄኖክ ነው። ሄኖክ አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ነው፤ ሆቴላችን ውስጥ ወራት የተቀመጠ ደንበኛ። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ከፀሐይ መብራት የሚያመነጩትን ጠፍጣፋ መስተዋቶች ይተክላል። ማማ ኛኮር ካልሲውን አሸተተችው። ገለበጠችና ደግማ አሸተተችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ዘኑ፣ ነይ አሽቺ።"

"ኧረ ተይኝ።"

"አሽቺ ነው የምልሽ! ይሄ ሰው እግር የለውም?"

አሸተትኩት። እውነትም ምንም የለውም። አቧራው ግን የሳምንት ነው። በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው፦ "አንተ ሄኖክ፣ ይሄን ካልሲ ማን ነው የሚለብሰው?"

ሄኖክ ሳቀና በረንዳው ላይ ተቀምጦ አስረዳን። "እትዬ ዘኑ፣ ከፀጉርሽ አንዱን ንቀይ" አለኝ። ነቀልኩ። "ይሄን ውፍረቱን በብዙ ሺህ ብትሰነጥቂው፣ አንዷ ስንጣሪ ናኖ በሚባለው ልክ ናት። በዓይን አትታይም። ካልሲው ውስጥ እንደዚያ የደቀቀ ብር አለ፤ የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብር። ላብ ብቻውን አይሸትም፤ እንዲሸት የሚያደርገው ላቡን የሚበላው ጀርም ነው። ብሩ ጀርሙን ይገድለዋል።"

ማማ ኛኮር ካልሲውን በአዲስ ዓይን አየችው። "ሲታጠብስ ብሩ የት ይሄዳል?"

"ትንሽ ትንሽ እያለ በውኃው ይወጣል።"

"ውኃው የሚሄደው የእኔ ኩድራ ጋ ነው" አለች። ኩድራ የምትለው እዚያ አገር በወጥ የሚበላውን ቅጠል ነው፤ ከላውንደሪው ጀርባ በእጣቢው እያጠጣች ታበቅለዋለች። "አፈር ውስጥ ጥሩም ጀርም አለ። ብርህ ይለያል?"

"አይለይም ማማ። ትልልቆቹ ሳይንቲስቶችም አሁን የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው፤ የሚጠቅመን ነገር ከእጃችን ሲወጣ የት ገብቶ ምን ይሠራል እያሉ። መልሱን ገና አልጨረሱትም።"

"እነሱ ይጨቃጨቁ፣ እኔ ለብቻ ሳፋ አጥብልሃለሁ" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሄኖክ ካልሲ የራሱ ሳፋ ነበረው፤ እጣቢውም ከኩድራው የራቀ ቦታ ይደፋል። ሄኖክ በዚህ ኮርቶ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

ፈሳሹን ያመጣልን እሱ ነው። ለፀሐይ መስተዋቶቹ የሚቀባ፣ ሽታ የሌለው፣ ውኃ የመሰለ ነገር። በበጋ አቧራ ሲለብሳቸው መብራቱ ይደክማል፤ ጤና ጣቢያ ያለ ሰው በየጠዋቱ መሰላል እየወጣ ካልወለወለ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ይሞቃል። ይህ ፈሳሽ አንዴ ከተቀባ ግን አቧራው አይጣበቅም፣ ንፋስ ብቻ ይጠርገዋል። ድርጅቱ ለጨርቅም የሚሆን አለው ብሎ አንድ ጀሪካን ሰጠን። "በስፖንጅ እየነከራችሁ ቀቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ተኩሱት" አለን። እሱ ራሱም በስፖንጅ እንጂ በሌላ ተጠቅሞ አያውቅም።

የገበታ ጨርቅ ቀባን። አቶ ጥላሁን ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አነጠፉና ከወጥ ቤት ጭልፋ ሙሉ ሽሮ አምጥተው ደፉበት። ሠራተኛው ሁሉ "ውይ!" አለ። ጨርቁን በአንድ ጫፉ ብድግ ሲያደርጉት ሽሮው ተንሸራትቶ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ጨርቁ እንደነበረ ነጭ። ማማ ኛኮር እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች፤ ከዚያ እልልታዋን ስትለቀው የጎረቤት ሆቴል ሰዎች ሰርግ መስሏቸው በአጥር ብቅ አሉ።

እናንተዬ፣ ያ ጊዜ ደስ ሲል! የሳሙናው ወጪ ቀነሰ፣ የቦቴው ውኃ ሰነበተ፣ ክርናችን አረፈ። መጋረጃው፣ የአስተናጋጆቹ ሽርጥ፣ የበረንዳው ትራስ ሁሉ ተቀባ። አቶ ጥላሁን ግን ማቆም የት እንዳለ አያውቁም። "ለምን ፎጣውን ትተነዋል?" አሉ።

"ጌታዬ፣ ፎጣ እኮ..." ብዬ ጀምሬ ነበር።

"ፎጣ አይቆሽሽም?"

"ይቆሽሻል።"

"እንግዲያው ቀቡት!"

ቀባነው። ማማ ኛኮር ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛ ነበር የምትቀባው። በማግስቱ አንድ ግዙፍ እንግዳ ከመታጠቢያ ቤት ጮኾ ወጣ። ፎጣው ውኃውን ከትከሻው ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ እግሩ ያስተላልፋል እንጂ አይጠጣለትም። ሰውየው ባሻሸ ቁጥር ውኃው ይዞረዋል። ኮሪደሩ ላይ ፎጣውን አገልድሞ፣ ከነውኃው ቆሞ "ይሄ ምንድነው?" ሲል፣ አቶ ጥላሁን ኮስተር ብለው "አዲስ ቴክኖሎጂ ነው" አሉት። እኔና ማማ ኛኮር ካውያ ቤት ገብተን በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልን። ፎጣዎቹ የኋላ ኋላ የጄኔሬተሩ የዝናብ ልብስ ሆኑ።

አሁን ወደማይሳቅበት ልግባ።

በ2003 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ ላይ ሕዝበ ውሳኔው ደረሰ። የደቡብ ሱዳን ሰው አገር ልሁን ወይስ ባለሁበት ልቆይ ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት፣ አንድ ሳምንት የሚቆይ። ማማ ኛኮር ገና ምዝገባው እንደተጀመረ ተመዝግባ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ ጡቷ ሥር ይዛዋለች። ሌላ ወሬ አልነበራትም። ባሏና ሁለት ወንድሞቿ በጦርነቱ ቀርተዋል፤ "የእነሱንም ጣት ይዤ ነው የምገባው" ትለኝ ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ወሰነች፦ በነጭ ልብስ ነው የምሄደው። "የስንቱን ነጭ አጥቤ፣ እኔ ነጭ ለብሼ አላውቅም።" ካቶር ሰፈር የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኗ የእናቶች ማኅበር ይህን ሲሰማ ሁሉም በነጭ እንሂድ አሉ። ጥር የአቧራ ወር ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ምርጫ ጣቢያው ሲደርሱ ነጩ ቀይ መሆኑ ነው። ታዲያ እኛ ምን ሥራ አለን? ማማ ኛኮር የራሷን ቀሚስ በስፖንጅ ቀብታ፣ አድርቃ፣ ለብሳ ሄዳ መንገድ ዳር ቆመች። ቦዳቦዳ ሞተሮቹ አቧራውን እያነሱባት አለፉ። ቀሚሷን አንዴ እርግፍ አደረገችው፤ ነጭ! እናቶቹ ልብሳቸውን ሁሉ ተሸክመው መጡ።

ችግሩ የእኛ የገና በዓል ከምርጫው ቀድሞ መዋሉ ነበር። የጁባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የበዓል ልብሱን ላውንደሪ አስገብቷል። የገና ዋዜማ ላይ የእናቶቹ ልብስ ክምር ገና አልተነካም፤ በስፖንጅ አንድ በአንድ ቢቀባ አይደርስም። አጠገባችን መኪና የሚቀባ ጋራዥ ነበርና ማማ ኛኮር ሄዳ የቀለም መርጫውን ከነአየር መጭመቂያው ተዋሰች። ለእኛ እርጭት እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአፍ ስንሠራው የኖርነው ነው። "ይሄ ደግሞ የብረት አፍ አለው" አለች። ሁላችንም ሐሳቡን ወደድነው።

ውጪ ላይ እንዳይሆን፣ እርጥቡ ነጭ ላይ አቧራ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ካውያ ቤታችን ወደ ነበረው የብረት ኮንቴነር አስገባነው። አቧራ እንዳይገባ በሩን ዘጋነው፤ ማራገቢያው አቧራ እንዳያነሳ እሱንም አጠፋነው። አቧራ ፈርተን ነው እንግዲህ፤ ጁባ የኖረ ሰው ይረዳናል። ማማ ኛኮር ውስጥ ሆና ትረጫለች፤ እኔ የተረጨውን እየተቀበልኩ አወጣለሁ፣ ያልተረጨውን አስገባለሁ። በሩን ባየሁ ቁጥር ውስጡ እንደ ማለዳ ጉም ነጣ ብሎ ነበር። ሽታ የለውም። አፍንጫዋ የልብሱን ሁሉ ምስጢር የሚያወጣው ሴት ምንም አላሸተተችም።

አንዴ ስገባ መርጫው ወለል ላይ ወድቆ ይነፋል፣ እሷ ግድግዳውን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ትስላለች፤ በሳሉ መሀል አየር ስትፈልግ ድምፁ እንደተሰነጠቀ ዋሽንት ያፏጫል። "ማማ!" አልኳት። በእጇ ውጪ ውጪ ትለኛለች፤ እኔን ነው የምታስወጣው! ብብቷ ሥር ገብቼ ጎተትኳት። ያ ቁመት! እንዴት እንዳወጣኋት ዛሬም አላውቅም። አቶ ጥላሁን መኪናቸውን አስነሱ። እኔም ደረቴ ተይዞ ነበር፤ ግን በር በር ስል ስለነበር በጥቂቱ ነው የቀመስኩት።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሟ ወጣት ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ማዳመጫዋን ማማ ኛኮር ደረት ላይ አቆይታ "ምን ተነፈሰች?" አለችን። ሄኖክ ከፈሳሹ በጠርሙስ ይዞ መጣ። ላቡ ይወርዳል። "ምንም መርዝ የለውም ብዬ ነው የሰጠኋቸው። እኔ በስፖንጅ ነው ሁልጊዜ..." አለ። ወዲያው ወጥቶ ፈሳሹን ወደሚሠሩት ሰዎች ደወለ። ሲመለስ የሰማውን ለሐኪሟና ለእኔ ነገረን። ፈሳሹ ሲቀባ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፣ ሰው አይነካም። በዚያ መርጫ ሲረጭ ግን ጠብታው እጅግ ይደቃል። ትልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ በሳልም ይወጣል። እንዲህ የደቀቀው ግን የሚይዘው ሳያገኝ ሳንባው ጥግ ድረስ ይገባል፤ ልብሱን ውኃ እንዳይነካው እንደሚያደርገው ሁሉ የሳንባውን እርጥበት ያውከዋል። በተዘጋ ቤት መረጨት አልነበረበትም።

"ትድናለች?" አልኳት ሐኪሟን።

"ብዙዎቹ ይድናሉ። ግን ዕረፍት ትፈልጋለች፤ አቧራ፣ ፀሐይና ሰልፍ አይታሰብም።"

ማማ ኛኮር የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ አነሳች። "ሰልፍ ያልሽው... የትኛውን ሰልፍ ነው?"

"መልሺው ማማ።"

"እኔ... ቮት አደርጋለሁ።"

"መልሺው ብያለሁ!"

ገና አለፈ፣ ምርጫው ተጀመረ። በመስኮቱ ከበሮና ዘፈን ይሰማል፤ ሰው ሌሊት ወጥቶ ተሰልፏል ይባላል። እሷ ትራስ ተደግፋ ሰው በገባ ቁጥር ጣቱን ታያለች፤ የመረጠ ሰው ጣቱ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ነርሷ ነክራለች፣ ጠራጊው ነክሯል። አንድ ቀን "ዘኑ" አለችኝ፣ "አሁን ሳልመርጥ ብሞት፣ ለእነዚያ ሦስቱ ምን እላቸዋለሁ? ልብስ ስቀባ ነበር ልበላቸው?" ልትስቅ ፈልጋ ሳል ያዛት፤ እስኪለቃት ድረስ እጇን ይዤ ቆየሁ። በእነዚያ ቀናት ስቃ በሳል ያልጨረሰችበት ጊዜ አልነበረም። ሐኪሟም በዚያ ነበር የምትለካት፦ "ሳትስል ስቃ ስትጨርስ ትወጣለች።" ያን ሰምቼ የማላውቀው ቀልድ አልቀረም፤ ሁሉም በሳል አለቀ።

በመሀሉ አቶ ጥላሁን ጀሪካኑን ይዘው መጡ። አይተኙም ነበር መሰለኝ፣ ዓይናቸው ቀልቷል። "ማማ፣ ልደፋው ነው። ሁሉንም! መጋረጃውንም አቃጥላለሁ!"

"የት ነው የምትደፋው?" አለች።

አሰቡ። "ቦዩ ውስጥ።"

"ኩድራዬ ላይ?"

ጀሪካኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

"አንተ ጥላሁን፣ ተቀመጥ። ውኃ ብትጠጣው ጥሩ ነው፣ ብትተነፍሰው ትሞታለህ። እስካሁን ውኃን ያባረረ አለ?" ትንፋሿን ሰበሰበች። "መርጫውን ለጋራዡ መልስ። ስፖንጁን አቆይ። በሩን ክፈት፤ አቧራ ከገባ እናጥበዋለን፣ እሱማ ሥራችን ነው።" ሄኖክ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ጠራችውና ራሱን ደባበሰችው። ከዚያ በኋላ በሠራንባቸው ዓመታት ሕጋችን ይኸው ሆነ፦ በእጅ፣ በስፖንጅ፣ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር፣ ነፋስ እየነፈሰ። ሄኖክም አዲስ ነገር ሲያመጣ "ምን ይሠራል?" ብቻ አይደለም የምንለው፤ "ሲደርቅስ? ሲረጭስ? ሲታጠብስ የት ይሄዳል?" እንለዋለን። እሱም የማያውቀውን "አላውቅም፣ እጠይቃለሁ" ይለናል።

የእናቶቹን ልብስ የተረጨበት ፈሳሽ እንዲለቅ ፀሐይ ላይ ሰቅለን፣ ደጋግመን አጥበን መለስንላቸው። አቧራ እየጠጣ ቀይ ሆነ፤ እነሱ ግን ለብሰውት ሄደው መረጡ፣ ጣታቸውን እያሳዩም ሊጠይቋት መጡ።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሐኪሟ ጠዋት ገብታ ደረቷን ሰማች፣ መልሳ ሰማች። "ሰልፉ አልቋል አሉ። በመኪና ትሄጃለሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ትሸፍኛለሽ፣ ወዲያው ትመለሻለሽ" አለች። ቃሏን ሳትጨርስ ማማ ኛኮር እግሯን ከአልጋው አውርዳለች። ቀሚሷን ይዤ ነበር፤ ያቺን የመጀመሪያዋን፣ በስፖንጅ የቀባቻትን። ሰፍቷታል፤ ቢሆንም አምሮባታል።

ምርጫው ካቶር አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። እናቶቹ ሁሉ መርጠው ጨርሰው ሳሉ ቀይ ነጫቸውን ለብሰው ደግመው መጥተዋል። እኔ የውጭ አገር ሰው ስለሆንኩ መራጩን ከለየው ገመድ ወዲህ ከአቶ ጥላሁንና ከሄኖክ ጋር ቆምኩ። የምርጫው ሠራተኞች ወንበር አመጡላት፤ እምቢ አለች። በራሷ እግር፣ ሁለት ሦስት እርምጃ እየሄደች፣ ቆም እያለች፣ ገባች። የቆየችው ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ረዘመብኝ። ስትወጣ ጣቷ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከፍ አደረገችው። እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ጣቷን ልቧ ላይ፣ ነጩ ቀሚሷ ላይ ተጫነችው። ለማስታወሻ መሆኑ ነው። ጣቷን ስታነሳ ቀለሙ እንደ ብይ ተድቦልቡሎ ቁልቁል ተንከባለለና አፈር ላይ ጠብ አለ። ቀሚሱ ነጭ ነው። እጅጌዋ ላይ ሞከረች፤ ያም ተንሸራትቶ ወረደ።

"ዘኑ!" አለች ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ። "ልብሱ እምቢ አለኝ!"

"ማን ቀባው?" አልኳት። "እንዲያ አድርገሽ ያሸሽው አንቺ!"

ሳቀች። ከሆዷ የሚነሳው፣ ትከሻዋን የሚያነቃንቀው የድሮው ሳቋ። እኛ ግን አልሳቅንም። እናቶቹም፣ አቶ ጥላሁንም፣ ሄኖክም፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የሳቋን መጨረሻ ጠበቅን። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ረጅም አየር ሳበች። ሳቋ አለቀ። ጠበቅን። ሳል አልመጣም።

"ምን ታዩኛላችሁ?" አለችን። በገመዱ ላይ አጎንብሳ የነጠላዬን ጫፍ ሳበችና የቀረውን ቀለም ጣቷን እያገላበጠች ጠረገችበት።

"ያንቺ ይይዛል" አለችኝ።